የቆመ ትራክተር

«ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለ ትራክተሩን ሊገዛ የመጣው ሞቱማ፣ የሸራውን ገመድ እየፈታ። «ያኔ ለብረት ነጋዴው ይደውሉለት፤ ቆራርጦ ይውሰደው።»

«ተጣብቆ?» ዮፍታሔ ሳቀ። እሱ ሲስቅ፣ ራሱ እንደሚለው፣ የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም መስኮት በሙሉ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ታውቃለህ? እኔ እኮ ፍሪሲዮን ተኝቼ በሕልሜ የማስተካክል ሰው ነኝ! ጣሊያኖቹ ራሳቸው የሠሩት ሲያስቸግራቸው እኔን ነበር የሚያስጠሩት።»

«ሲያቆሙት ታዲያ ፔዳሉ ላይ እንጨት አድርገዋል?»

«እንዴት አላደርግ!»

አላደረገም።

የቆመ ትራክተር ክረምት ካገኘው እርጥበት ይገባዋል። የፍሪሲዮኑ ዲስክና የተደገፈበት ብረት በዝገት ሰማንያ ይፈራረማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን ዝሆን ቢረግጠው፣ የልደታ ዳኞች ሁሉ ቢሰየሙ አይፋቱም። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ በእንጨት ወጥሮ መተው። ዮፍታሔ ይህን ያልሰበከበት ቦታ የለም። ሰርግ ላይ ሰብኳል፣ ለቅሶ ላይ ሰብኳል፣ ልደታ ማርያም ደጃፍ ጧፍ ለሚሸጡት ሴቶች ሰብኳል። ታክሲ ውስጥ ሲሰብክ ረዳቱ ሳይደርስ አውርዶታል። ማታ ማታ ደግሞ ለሚስቱ ለወይንሀረግ ይሰብካል፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ሆለታ በኩል ይኮናተረው የነበረ መሬት ከእጁ የወጣ ቀን ግን፣ ሰባኪው ትራክተሩን እዚህ ግቢ አስገብቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ «ከእንግዲህ ዓይንህን አላይም!» ብሎ ወረደ። እንጨት የለ፣ ምን የለ። ሸራውን እንኳ ያለበሰችው ወይንሀረግ ናት። ያው ክረምት ጠንከር ሳይል እሷም ሄደች፤ ደብረ ዘይት፣ እህቷ ዘንድ። «ጆሮዬ አለቀ፣ ዮፍታሔ» አለች።

ለጎረቤት የነገረው ሌላ ነው። «ቤቱን ጠርጋው ሄደች! ማማሰያ እንኳ አልተወችልኝም!» እውነቱ ሲጣራ ከቤቱ የጎደለው አንድ ሻንጣና ያቺው ማማሰያ ብቻ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ ሽሮውን በካቻቢቴ እጀታ ሲያማስል ኖሯል።

አሁን ግቢው ሊፈርስ ነው። ለእሱ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ደርሳዋለች፤ ትራክተር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። ይህ ትራክተር ሲያርስ መሬቱ ይዘፍን ነበር፤ ተቆራርጦ የአጥር ዘንግ ሲሆን ማየት አይፈልግም። ያኔ ከማን ፊት ተቀምጦ «ትራክተር ነበረኝ» ብሎ ይኮራል?

ሸራው በአቧራ ደመና ወረደ። ሞቱማ ወደ ፔዳሉ ጎንበስ ሲል ዮፍታሔ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

«ይኸው!» አለ ሞቱማ።

«ሌባ ነው» አለ ዮፍታሔ ፈጥኖ። «የዚህ ሰፈር ሌባ እንኳን እንጨት የቤተ ክርስቲያን ደወል —»

«የምን ሌባ? እንጨቱ አለ እኮ! ጋሼ፣ እኔማ ጉራ መስሎኝ ነበር፤ የምርም ባለሙያ ነዎት!»

ዮፍታሔ ጎንበስ አለ።

ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጧል። በፔዳሉና በወንበሩ ብረት መካከል ጫፏ በሽሮ የጠቆረ ማማሰያ ተወጥራለች። እንዳትንሸራተት በነጠላ ጥለት ቅዳጅ ሁለቴ ተጠምጥማ ታስራለች። «እንጨት ብቻውን ያመልጣል፣ በጨርቅ ሁለቴ ጠምጥሞ ማሰር ነው።» ይህችን ምስጢር ለሰርገኛ አልነገረም፣ ለለቀስተኛ አልነገረም። የነገረው ለአንድ ጀርባ ነው፣ በጨለማ።

ያ ፔዳል የበሬ ጉልበት ይፈልጋል። ወይንሀረግ ደግሞ ከትከሻው በታች ናት። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ በሁለት እግሯ ወጥታበት መሆን አለበት።

ሞቱማ ይዞት የመጣውን ባትሪ ገጥሞ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አስነሳ። ሞተሩ ሳለ፣ ተፋ፣ ተነሳ። ማማሰያዋ እንደተወጠረች ማርሹን አስገባ። ምንም ሳይንቋቋ ገባ። ትራክተሩም ንቅንቅ አላለ። ዲስኩ ነፃ ነው፤ አልተጣበቀም።

«ሁለት ክረምት ቆሞ!» ሞቱማ ከሞተሩ በላይ ጮኸ። «እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም!»

ዮፍታሔ አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ ጣሊያኖቹ ተሰልፈው ነበር፤ አንዳቸውም አልወጡም።

«ሚስቴ ናት» አለ።

«እ?»

«ሚስቴ ናት ያደረገችው!»

«አይሰማኝም ጋሼ!» ሞቱማ ማርሹን ወደ ነፃ መለሰው። «እንጨቱን ያውጡልኝና ልንቀሳቀስ!»

ዮፍታሔ ተንበርክኮ የጥለቱን ቋጠሮ ፈታ። አጥብቃ ነበር ያሰረችው፤ በጥርሱም አገዘ። ከዚያ ማማሰያዋን ሳብ አደረጋት።

ፔዳሉ ወዲያው አልተነሳም። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሁለት ትንንሽ እግሮች አንድ በአንድ እንደወረዱለት ሁሉ፣ ወደ ላይ መጣ።