ሰማያዊ በርበሬ

በቤታችን በርበሬ ሰማያዊ ነበር። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ዓለምን የሚያየው በቤቱ ኮምፒውተር የቀለም ቅንብር ነው፤ ባለቤቴ ግዛቸው ቀይና አረንጓዴ ስለማይለይ ቅንብሩን ቀዩ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ለእሱ አስተካክለን ዕድሜያችንን ኖርንበት። ትናንት ሞቱ ሲመዘገብ ቅንብሩ ጠፋ።

ዛሬ ወጥ ስሠራ ቁሌቱ አረረብኝ። መብሰሉን የማውቀው ሰማያዊው ሲጠቁር ነበር፤ ቀዩን አላወቅሁበትም።

"እማዬ፣ አሁን እኮ ትክክለኛውን ነው የምታዪው" አለች ልጄ ምንትዋብ ድስቱን እያወረደች።

"የአባትሽን መልሺልኝ።"

"የሟች አይመለስም። ዓይኑ ለታመመ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው።"

"እኔም ታምሜያለሁ በያቸው።"

ምንትዋብ ማመልከቻውን ስትልክ ኮምፒውተሩ ደም የመሰለ ክብ አሳየኝና ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ሰማያዊ" አልኩት እያለቀስኩ።

ዓይኔን መረመረና እንዲህ አለኝ፦ "ዓይንዎ ፍጹም ጤነኛ ነው።"