ጋሼ ድሮ አዲሱን ኮምፒዩተር ለምን ጠሉት?

«ፎቶው የታለ?»

አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ነው የጠየቀኝ።

ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ... ፎቶው የለም።

ደንበኛዋ ሕፃን ልጇን አቅፋ ባንኮኒው ጋ ቆማለች። ያ ሕፃን ቀና ብሎ እንዲያይ ያልሆንነው ነገር የለም... አጨብጭበናል፣ ቁልፍ አቃጭለናል፣ ዘፍነናል። ካሜራው ላይ የነበረውን ደግሞ ወደ ኮምፒዩተር እንደገለበጥን ማጥፋት ልማዳችን ነው።

እና አሁን ከሁለቱም ጠፋ።

የኔዋን ልጅ ትኩሳት ይዟት ጎረቤት ጥያት ነው የመጣሁት። ከዚህ ሥራ ከወጣሁ ምን እንደማበላት አላውቅም...

«እኔ ነኝ የነካካሁት።»

ዞር ስል ጋሼ ድሮ ናቸው።

በፎቶ ቤቱ ከሁላችንም የቆዩ ሠራተኛ ናቸው። በነገር ሁሉ «የድሮው ይሻላል» ስለሚሉ ነው ጋሼ ድሮ ያልናቸው።

«ይሄ አዲሱ ነገራችሁ አይገባኝም» አሉ። «እኔ የማውቀው ዊንዶውስን ነው። የድሮውን መልሱልኝ።»

አለቃችን ሳቀ። ወጣት ነው፣ ፎቶ ቤቱን ከአባቱ የተረከበው በቅርቡ ነው። እንደተረከበ ኮምፒዩተሮቹን በሙሉ ከዊንዶውስ አውጥቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጫነባቸው። «ነፃ ነው፣ ቫይረስ አያስቸግረውም፣ አሮጌ ማሽን ላይም አይጎተትም» ይላል። ስለሱ ሲያወራ ስለ እጮኛው የሚያወራ ነው የሚመስለው...

«ጋሼ፣ ዓለም ጥሎዎት ሄደ እኮ።»

«ይሂድ፣ ሲደክመው እዚሁ ተቀምጬ ያገኘኛል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደንበኛዋም ሳቀች። ሕፃኑን እንደገና ፎቶ አነሳነው።

ጋሼ ግን አልተዉም። ጠዋት «የድሮው»፣ ማታ «የድሮው»... በመጨረሻ አለቃችን ሰልችቶት የጥጓን ኮምፒዩተር ብቻ ወደ ድሮው መለሰላቸው።

«ይቺ ልጅ ከኔ ጋር ትሥራ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉ።

እኔን ነው።

ነፍሴ መለስ አለች...

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አማርኛ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። እንግሊዝኛ ግን አልችልም። ኮምፒዩተር የማውቀው በሥዕልና በቦታ ነው። የማተሚያዋ ሥዕል እዚህ፣ የመቀሷ ከጎኗ... እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ ልክ በጨለማ ቤታችሁ ውስጥ እንደምትሄዱት።

አዲሱ ላይ ግን ማተሚያዋ በነበረችበት ቦታ ማጥፊያው ነው ያለው። ዓይኔ ሳያይ እጄ ቀደመ። የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ... እሺ አልኩት።

ለካ «ለዘላለም ላጥፋው ወይ» ብሎ ኖሯል የጠየቀኝ።

ይሄን ለማንም አልተነፈስኩም። ስቀጠር «ኮምፒዩተር ትችያለሽ ወይ» ነው የተባልኩት፣ «እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ ወይ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

በጥጓ ኮምፒዩተር ተደብቄ ስሠራ ሰነበትኩ...

ከዚያ አንድ ቀን አለቃችን መጣና «ከሰኞ ጀምሮ ይቺም ትቀየራለች» አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወይ ይልመዱ፣ ወይ ቤትዎ ይረፉ።»

ጋሼ ቦርሳቸውን አነሱ።

«ዕረፍት ማን ይጠላል» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ቀሩ።

ቀኑን ሙሉ አላስቀምጥ አለኝ። ሰኞ እኔም እጋለጣለሁ... እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው... ከሥራ እንደወጣሁ ልጄን አዝዬ ቤታቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው ከፈቱልኝ።

ጋሼ ኮምፒዩተር ላይ ናቸው። ጣታቸው ይበራል...

ስክሪኑን ሳይ ክው አልኩ። ያው የአለቃችን ነው። ሊኑክስ።

«እትዬ፣ ይሄን... መቼ ነው የለመዱት?»

«እሱ?» ሳቁ ባለቤታቸው። «ልጆቹ ሳይወለዱ ጀምሮ እኮ ነው። ዊንዶውስ እዚህ ቤት ከገባ እኔ እወጣለሁ የሚል ሰው ነው። እኔ እንኳ ቅናት ጀምሮኝ ነበር።»

ጋሼ የተያዘ ሌባ መሰሉ።

«ታዲያ ለምን ጋሼ?»

ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ያን ቀን ጽሑፉ ሲመጣብሽ ከንፈርሽን አየሁት። ለማንበብ ሞክረሽ ተውሽው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እስክትለምጂ የድሮውን ላቆይልሽ ብዬ ነው። እኔ አላውቅም ብል ሽማግሌ ነው ተብሎ ይሳቃል፣ ያልፋል። አንቺ አላውቅም ብትዪ ግን...»

አልጨረሱትም። ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጄን አዩአት።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዝም ብል እሳቸው ይባረራሉ... ብናገር እኔ።

ጠዋት አለቃችን በሩን ሲከፍት ቆሜ ጠበቅኩት።

«ጋሼ ያን ነገር ካንተም በላይ ያውቁታል። እንግሊዝኛ ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ። ፎቶውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ውጪ» የሚለኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ጨብጫለሁ...

ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ... ኧረ ይምጡ እባክዎ። አጥፍቻለሁ።»

ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈተና ወደኔ አዞረው።

«ነይ እስኪ። ሥዕሎቹ የት የት ነበሩ? እንደነበሩ እናድርጋቸው። ጽሑፉንም ወደ አማርኛ እንቀይረዋለን፣ ቀስ እያልሽ ታነቢዋለሽ።»

አሁንም የማላውቀው ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ አልዋሽም። ግን ዝም ብዬ እሺ አልለውም። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው የሚለው?» እላለሁ... ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።

ወገኖቼ... አንድ ሰው «ይሄኛው ይሻለኛል» ብሎ ድርቅ ሲል ለመሳቅ አንቸኩል። አንዱ እጁ የለመደውን ይዞ ነው። አንዱ የሚያፍርበትን ደብቆ ነው። አንዱ ደግሞ የሚወደውን ትቶ ለሌላ ሰው እየተከራከረ ነው።

እናንተስ... እናንተ እንዳትዋረዱ «አላዋቂው እኔ ነኝ» ብሎ የተሳቀበት ሰው አላችሁ? ማነው? እስኪ ኮመንት ላይ አንሱትና እናመስግነው...