የሽቦ ጣጣ

«እትዬ፣ ሽማግሌው ኦክስጅን አጥሮታል! ማሽኑ ነው ያለው» ብሎ ደወለላት፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ የሚለው መካኒክ። ባሏ ጠዋት መኪናቸውን ሊያሳይ እዚያው ጋራዥ ሄዶ ነበር። የጨበጠችውን ጭልፋ እንኳ ሳታስቀምጥ እየሮጠች ወጣች።

ከጋራዡ በር ስትደርስ ያየችው ሁለት እግር ነበር፤ ከመኪናው ሥር ወጥቶ የተዘረጋ፣ ተረከዙን ራሷ የጠቀመችው ካልሲ ያጠለቀ። አይንቀሳቀስም። ሽቦ ግን የሞተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነብበትን ማሽን ታቅፎ ቆሟል።

«አንተ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ! ሰውዬው ተዘርሮ...» አለችው።

«የቱ ሰውዬ? ሽማግሌው ያልኩት እኮ መኪናውን ነው!» አለ ደንግጦ።

ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር የባሏ ድምፅ መጣ። «ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም! ማሽኑን ያሳሳተው ሽቦው ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ተቃጥሏል።»

አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አለች። «ተመስገን» አለች። ትንፋሿ ሲመለስላት ግን የባሏን ውስጥ እግር በጭልፋው ቸብ አደረገችው።

«ምነው ሴትዮ!»

ጭልፋውን ወደ መካኒኩ ቀሰረች። «እኔንም ያሳሳተኝ ሽቦ ነው!»