ባዶ ውሃ

ከአራቱ ዓሦቼ ሦስቱ ሞቱ። ጥፋቱ የጉድጓድ ውሃችን ጨው መሆኑን ማንም ሳያስተምረኝ አንብቤ ደረስኩበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሉትን ጨው የሚያስቀር ማጣሪያ ልመርጥ ሱቅ ስገባ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እህቴ፣ ባልሽ ቢመጣ ይሻላል፤ ነገሩ ቴክኒክ ነው።»

«ባል የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ዓሣ ናት። ይልቅ ባለአምስት ደረጃውን አውርድልኝ!»

ራሴ ገጠምኩት። የጨው መለኪያውን የተጣራው ውሃ ውስጥ ብነክረው ዜሮ አለ። «እማዬ፣ ነይ እዪልኝ! ምንም የለውም!» ብዬ ጮህኩ። የዓሣዋን ገንዳ ውሃ በግማሽ በተጣራው ስቀይር፣ መለኪያው ላይ ስድስት መቶ የነበረው ሦስት መቶ ሆነ።

በማግስቱ አራት መቶ አለ። በሦስተኛው ቀን አምስት መቶ። ዓሣዋ በጎኗ መንሳፈፍ ጀመረች። ሱቁ ድረስ ሄጄ «ማጣሪያህ ቀጣፊ ነው!» አልኩት።

«እኔ እኮ ባልሽ ይምጣ ብዬሽ ነበር» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ማጣሪያውን ልፈታው ስነሳ፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ከትንሿ ቢጫ ጀሪካን ገንዳው ውስጥ ጠበል ስታንቆረቁር አገኘኋት።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«በየማለዳው የማደርገውን ነዋ! ያንቺ ውሃ ምንም የለውም አላልሽም? ታዲያ በምኑ ትዳን?»