ተርሴስ ላይ የታሰረች ጀልባ

ተመራማሪዋ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰውን የጠፋ ወደብ፣ ተርሴስን፣ ስትፈልግ ኖራ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆረጠች።

«በቃ እንመለስ ጋሼ። ከባዶ ባሕር በቀር ምንም የለም።»

ጀልባዋን የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ አጓራ፤ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«መልህቁን ማውጣት ረስተህ ነው?»

«ዓይንሽን ጨው በላው እንዴ? ይኸው እግርሽ ሥር!»

ወደ ኋላ ሄዳ አየች። የእነሱ ያልሆነ ወፍራም ገመድ ከጀልባዋ ብረት ላይ ታስሮ፣ ተወጥሮ፣ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በቢላ ቆረጠችው። ጀልባዋ ወደ ፊት ተፈናጠረች።

«ተገላገልን!» አለ ወንድሟ።

ሌላ ገመድ ከውሃው ውስጥ ተወርውሮ ወጣና ብረቱ ላይ ተጠመጠመ። ከሥር ብዙ ሰዎች ባንድ ድምፅ፣ «እንኳን ደህና ገባችሁ» አሉ።