የሁለት ሰዓት ሥራ

ጭንቅላቴን የትንሿ መኪና ሆድ ውስጥ ቀብሬ፣ አንድ እጄ ቱቦ እንደያዘ፣ ስለ ግመሌ እዋሻለሁ።

«ብርዱ እንዴት ያለ መሰላችሁ!» እላለሁ ከውስጥ። «ግመሌ ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ ባለበት ጥላው በረዶው ላይ ረግቶ ቀረ። ቢጎትት፣ ቢራገጥ፣ ወይ ፍንክች! ትቶት ሄደ። የብርዱን ወራት በሙሉ ያለ ጥላ ነው የዞረው።»

እማማ ኖርጅማ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ሆና ትስቃለች። ሳቋ ሲጀምር ሳቅ ነው፣ ሲያልቅ ሳል። የተቀመጠችው እኔው ፈትቼ ባወጣሁት የመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ ነው፤ በበግ ቆዳ ካባ ተጠቅልላ ከአፍንጫዋ በቀር ምኗም አይታይም። ሐኪሞቹ ትናንት «አገሯ ትግባ» ብለዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኡላንባታር ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። አገሯ አርካንጋይ ነው፣ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ፤ ውጭው ደግሞ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።

ባሏ ጋሼ ቾይጂል ጠዋት ማሞቂያዋ የሞተ መኪናዋን እየነዳ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ በረዶ ተጋግሮ ነበር።

«የወንድሜ ልጅ ቀትር ላይ ወደ አገር ይወጣል» አለኝ። «መኪናው ትልቅ ነው፣ ይሞቃል። የምትዘገይ ከሆነ እቅጩን ንገረኝና ከእሱ ጋር ልስደዳት። ከራሴ ድንኳን፣ ከራሴ አልጋ ውጪ አልሞትም ብላለች።»

«የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። «ቀትር ሳይሆን ካባችሁን አውልቃችሁ ላባችሁን ትጠርጋላችሁ።»

እውነቱ የቀን ሙሉ ሥራ ነው። ይቺን መኪና የሠሯት ሰዎች መጀመሪያ የማሞቂያውን ራዲያተር አስቀምጠው የቀረውን መኪና በላዩ ላይ የገነቡት ነው የሚመስለው። አንዲት ጡብ የምታክል ነገር ለማውጣት መሪው፣ ወንበሩ፣ ዳሽቦርዱ ከነሽቦው መነሳት አለበት። እማማ ኖርጅማ ግን ገና ከበር ስትገባ በመጀመሪያዋ ውሸቴ ከልቧ ሳቀችልኝ። እንደዚያ የሚስቅልኝ ሰው በዓመት አንድ ባገኝ ነው። እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም።

ቀትር ላይ የወንድሙ ልጅ ደወለ። ጋሼ ቾይጂል ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አየኝ። «አንድ ብሎን ነው የቀረኝ» አልኩ። «ሂድ በቃ፣ አትጠብቀን» አለው የወንድሙን ልጅ።

«ከዚያስ?» ትላለች አሁን እማማ ኖርጅማ። «በረዶው ሲቀልጥ ጥላውን አገኘው?»

«አገኘው እንጂ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንዲት ፍየል ተኝታበታለች። ተነሺ ቢላት፣ ቀድሜ ይዤዋለሁ አለችው!»

«ኖርጅማ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» ይላል ጋሼ ቾይጂል። ከነጋ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ኖርጅማ እግርሽን፣ ኖርጅማ አንገትሽን፣ ኖርጅማ ይሄን ቀጣፊ አትመኚው።

«እስቲ ተወኝ፣ ልስማበት» ትለዋለች። «አንተ ጋልሳን፣ የፍየሏን ነገር እንዳትጨርሰው። ሙቀቱ ሲመጣ ነው የምትጨርስልኝ።»

አሮጌው ራዲያተር እየተንጠባጠበ ይወጣል፤ ዝጎ፣ ተበስቶ፣ የበሰበሰ ጥርስ መስሏል። የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ እጄን ስሰድ አንዲት የቀንድ ማበጠሪያ አገኛለሁ። በዳሽቦርዱ ስንጥቅ ገብታ የወደቀች ነች፤ ሁለት ረጃጅም ጥቁር ፀጉሮች እንደተጠመጠሙባት ናቸው።

«እማማ! ጥቁር ፀጉር ሳለሽ የጠፋብሽን አገኘሁልሽ!»

መልስ የለም። ጋሼ ቾይጂል ቀስ ብሎ ይመጣና ማበጠሪያዋን ከእጄ ወስዶ ካባው ደረት ውስጥ ይከታታል።

«እኔ ጋ ትሁን» ይላል። «አንተ ሥራህን ሥራ።»

ተኝታለች ብዬ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ ወሬዬን አላቆምም። አዲሱን ራዲያተር እያስገባሁ ጢም ስላበቀለ ዓሣ፣ ቱቦዎቹን እያጠበቅሁ ሚስቴን ሊያጭ ስለመጣ ተኩላ አወራለሁ። ወንበሩን መልሼ ሳስር አቅፏት የቆመው እሱ ነው። ራሱ ያስቀምጣታል፣ ቀበቶዋን ያስርላታል፣ የካባዋን ኮፍያ እስከ አገጯ ይስብላታል። ብስማት ነቅታ ትሰድበኛለች ብዬ እቀልዳለሁ። አይስቅም። መቼም እሱ ስቆልኝ አያውቅም።

ሞተሩን አስነሳለሁ። ራዲያተሩ ውስጥ የታፈነው አየር እየተንፈቀፈቀ እስኪወጣ ውሃ እጨምራለሁ። ማራገቢያው መጀመሪያ እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ብርድ ይተፋል። ቀጥሎ ለብ ይላል። ቀጥሎ እጄን እስክሰበስብ ያቃጥላል።

«መጣ!» እላለሁ። «እማማ፣ መጣልሽ! ፍየሏን ልጨርስልሽ?»

ጋሼ ቾይጂል እጁን ይዘረጋና ማሞቂያውን ያጠፋዋል።

«ምነው ጋሼ?»

«ለመንገዱ ብርዱ ነው የሚሻላት» ይላል።

ያኔ ነው የገባኝ። ከማበጠሪያዋ በፊት ጀምሮ ስሟን አልጠራም። እኛ ጋ የሄደ ሰው በስሙ አይጠራም፣ ዞር ብሎ እንዳያይ።

«መቼ?»

«ፍየሏ ላይ።» ዓይኑ ደረቅ ነው፤ እንባ የሄደን ሰው መንገድ ያጨቀያል ይባላልና ውጦታል። መሪውን በሁለት እጁ ይይዛል። «የወንድሜ ልጅ ይሄኔ ደርሷል» ይላል።

የጋራዡን በር እከፍትለታለሁ። መኪናዋ ውጪ በረዶው ላይ ትንሽ ትቆማለች። በእሱ በኩል ያለው መስታወት ከትንፋሹ የተነሳ መንጣት ይጀምራል፣ እየወፈረ ይሄዳል፣ በእጅጌው ይጠርገዋል፣ መልሶ ይነጣል። በእሷ በኩል ያለው ጥርት እንዳለ ነው።