የካሰች ይቅርታ

«ባለማወቅ የክሊኒኩን ደንብ በመጣሴ» ብሎ ማርቆስ የጻፈላትን ሲያነብላት ካሰች እጇን ዘርግታ አስቆመችው። መጣስ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው።

ማርቆስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። በሐይቁ ዳር ከተማ ፒያሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፈው እግዜር ይወቀው፤ ትርጉሙን የጠየቀው ሰው ግን የለም። ወገቡን ያመዋል፣ ቶሎ መሽቶ ቤቱ ቢገባ ይወዳል። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ መሆኑን ያውቃልና አሳጥሮ ነገራት።

«ክልክል መሆኑን እያወቁ ማድረግ ነው።»

«ታዲያ ባለማወቅ የሚለው እዚህ ምን ይሠራል?»

ሁልጊዜ የሚጽፈው እንደዚያ ነው፤ አለቆች ያን ቃል ሲያዩ ልባቸው ይራራል። ይህንኑ ነገራት። ካሰች የአንድ ክሊኒክ የማታ ዘበኛ ናት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠያቂ አይገባም እየተባለ፣ ከትናንት በስቲያ ከገጠር በእግሩ የመጣ አባት ታማ የተኛች ልጁን እንዲያይ በሩን ከፍታ አስገባችው። ነገ ጠዋት የይቅርታ ደብዳቤ ካላመጣች፣ ያመጣችውም አለቆቿን ካልጣማቸው፣ ከሥራ ትሰናበታለች። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች እሷን ነው የሚያዩት።

«አላወቅሁም ብትይ ማን ይጎዳል?» አላት በተሰላቸ ድምፅ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ልጅቷ ሊነጋ ሲል ሞተች። የአባቷን እጅ እንደያዘች ነው የሞተችው። ባለማወቅ ነው ካልኩ፣ እሱ የገባው በስህተት ነው ማለት ነው።»

ማርቆስ ተናደደ። ራሱን ለማዳን እሺ የማይል ሰው ከሁሉ ይብስ ያደክመዋል። እንደሚያባርሯት ነገራት፤ አውቃለሁ አለችው። ሌላ ወረቀት አወጣና «እያወቅሁ ደንቡን በመጣሴ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ብሎ ጽፎ አያውቅም። ይቅርታ የሚለውም ቃል ይውጣ እንደሆነ ጠየቃት።

«እሱ ይኑር» አለች። «ደንቡም እኮ ደንብ ነው።»

ፈረመች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። ዛሬ ማታስ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን እንደምታደርግ ሊጠይቃት አልፈለገም ነበር፣ አፉ ቀደመው።

ካሰች ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፤ ወደ ሐይቁ አዘንብላለች። «ተረኛ ነኝ፣ እንዳይመሽብኝ» አለችው እንጂ ሌላ አልመለሰችም። በባጃጆቹ መሃል እየተሽሎከለከች ስትሄድ፣ ከወገቧ ያንጠለጠለችው የበሩ ቁልፍ ሲንቃጨል ከመንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማው።